ሒሳቡ ከበሩ በፊት ይሠራ

ሰው ሠርቶ ይደክማል፤ ከደከመም በኋላ ማረፍ ይገባዋል። ዕረፍትን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ሰው ቢኖር የሥራን ዋጋ ገና ያላወቀ ሰው ነው። ይልቁንም ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ ሰው፥ ዓመቱን ሙሉ ጧት ወጥቶ ማታ ሲገባ ከርሞ፥ በዓመት አንድ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ተጫውቶ ቢውል፥ ይህ ለልጆቹ ከሚገዛላቸው ልብስና ጫማ የሚያንስ ስጦታ አይደለም። በዚህ ላይ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ዕረፍቱ የሦስት ቀን፥ ዕዳው የሦስት ዓመት የሆነ እንደ ሆነ፥ ያ ነገር ዕረፍት ተብሎ ሊጠራ ይችላልን? የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከአንባቢዎቻችን መካከል በአሜሪካ አገር ወንድም፥ እኅት ወይም አጎት ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደዚያው የሚሄዱም አሉ። ከእነዚህ ዘመዶች ከሚላኩት ፎቶግራፎች መካከል አንዱ ዓይነት በሁሉም ቤት ይመሳሰላል። ልጆቹ የአይጥ ጆሮ ያለበት ቆብ ደፍተው፥ ከኋላቸው ባለ ብዙ ግንብ ቤተ መንግሥት እየታየ፥ ወላጆቻቸው በግራና በቀኝ ቆመው ይስቃሉ። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ሣቁን ነው፤ ሒሳቡን አያሳይም። አገር ቤት ሆኖ የሚያየው ወጣትም ገንዘብ እዚያ ከዛፍ የሚለቀም ይመስለዋል። እኛ ግን ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለውን ሒሳብ ለማየት እንሞክራለን። ምክንያቱም ገንዘብ ከኪስ የሚወጣበት መንገድ እንደ መዝናኛ ፓርክ በጥንቃቄ ተጠንቶ የተዘጋጀበት ስፍራ ጥቂት ነው፤ ይህንን የተረዳ ሰው በማናቸውም ገበያ ራሱን መጠበቅ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንድ ዶላር የነበረው በር

ዋልት ዲዝኒ የተባለው ዝነኛ የሥዕል ፊልም አዘጋጅ፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ ግሪፊዝ ፓርክ በሚባለው ስፍራ፥ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። ወላጅ ዳር ተቀምጦ የሚጠብቅበት ሳይሆን ወላጅና ልጅ አብረው የሚጫወቱበት ስፍራ ቢኖር ብሎ ያሰበው በዚያን ጊዜ እንደ ሆነ ኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1951 ዓ.ም. ወደ ኮፐንሐገን ሄዶ በ1843 ዓ.ም. የተከፈተውን ቲቮሊ የተባለውን የመዝናኛ ስፍራ ተመለከተ። ከዚህም በኋላ በካሊፎርኒያ፥ አናሃይም በተባለችው ከተማ፥ 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ የተደረገበት ዲዝኒላንድ በጁላይ ወር 1955 ዓ.ም. ተከፈተ።

በዚያን ጊዜ የበሩ መግቢያ ዋጋ ለአዋቂ 1 ዶላር፥ ለልጅ 50 ሳንቲም ነበር። እውነት ለመናገር የ1955 አንድ ዶላር የዛሬው አንድ ዶላር አይደለም፤ በ2024 ዓ.ም. ከ11 ዶላር በላይ የሚገዛውን ዕቃ በዚያን ጊዜ በአንዱ ዶላር መግዛት ይቻል ነበር። ከዚህም ሌላ በበሩ የሚከፈለው ለመግባት ብቻ ነበር፤ በውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ መጫወቻ ለብቻው ይከፈላል። ወዲያው በዚያው ዓመት በፊደል የተለዩ ቲኬቶች ያሉት ደብተር መሸጥ ተጀመረ። «ኤ» የሚለው ቲኬት ለትንሹ መጫወቻ ሲሆን፥ በ1959 ዓ.ም. የተጨመረው «ኢ» የሚለው ደግሞ እጅግ ለሚፈለጉት ነበር። ይህም አሠራር እስከ 1982 ዓ.ም. ቆየ፤ ከዚያም ሁሉንም በአንድ ዋጋ የሚያጠቃልል ቲኬት ተተካ።

ይህ ለውጥ ትንሽ ነገር ቢመስልም በሰው ልቡና ላይ ያደረገው ለውጥ ትልቅ ነው። ቲኬት እየቆረጠ የሚጫወት ቤተሰብ በየመጫወቻው በር «ይህ ለዚህ ዋጋ ይበቃልን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነበር። ሁሉንም አጠቃልሎ በበሩ የከፈለ ቤተሰብ ግን «አንድ ጊዜ ከከፈልን ሳንጠግብ አንወጣም» ይላል። ከሰልፍ ሰልፍ ይሮጣል፤ ሰልፉ ሲያስመርረው ሰልፉን ለማለፍ ሌላ ገንዘብ ይከፍላል፤ ልጁ ሲርበው ዋጋ ሳይጠይቅ ይገዛል። ብዙ መቶ ዶላር ላወጣ ሰው ዐሥር ዶላር ምን ትመስለዋለች? ስለዚህ ሒሳብ የሚሠራበት ስፍራ ተዛውሯል ማለት ነው። ድሮ በየመጫወቻው በር የሚሠራው ሒሳብ ዛሬ መሠራት ያለበት በቤት፥ በጠረጴዛ ላይ፥ ከጉዞው ብዙ ወራት በፊት ነው። ከበሩ ወዲያ ከሆነ ጊዜው አልፏል፤ ልጅን እዚያ ድረስ ወስዶ «ተው፥ ተመለስ» ማለት ቁጠባ ሳይሆን ጭካኔ ይሆናል።

ቀኑ ዋጋ አለው

መጀመሪያ የሚሠራው ሒሳብ የቀን ሒሳብ ነው። ዲዝኒላንድም፥ በፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድም፥ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የአንድ ቀን ቲኬት ዋጋ እንደ ቀኑ የተለያየ እንዲሆን አድርገዋል። ሕዝብ በሚበዛበት ቀን ይወደዳል፤ በሚያንስበት ቀን ይረክሳል። በኦክቶበር 2024 ዓ.ም. በወጣው የዲዝኒላንድ ዋጋ ዝቅተኛው የአንድ ቀን ቲኬት 104 ዶላር፥ ከፍተኛው 206 ዶላር ነበር። እንግዲህ ከዐሥር ዓመት በላይ የሆኑ ሁለት ልጆች ያሏቸውን ባልና ሚስት እንውሰድ። በርካሹ ቀን ለአራት ሰው 416 ዶላር ይከፍላሉ፤ በውዱ ቀን 824 ዶላር ይከፍላሉ። ልዩነቱ 408 ዶላር ነው። በሁለቱም ቀን በሩ ያው፥ መጫወቻውም ያው ነው፤ እንዲያውም በውዱ ቀን ሕዝቡ ስለሚበዛ ሰልፉ ይረዝማል። የበለጠ ከፍሎ ያነሰ መጫወት ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ርካሾቹ ቀኖች ዘወትር ማለት ይቻላል ልጆች ትምህርት ቤት የሚውሉባቸው ቀኖች ናቸው። ታዲያ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ መውሰድ ይገባልን? አንዳንድ ወላጆች ያደርጉታል፤ እኛ ግን አንደግፈውም። በቲኬት የተረፈው ገንዘብ ልጁ «ትምህርት ለጨዋታ ሊቀር ይችላል» ብሎ ከሚማረው ትምህርት ጋር ሲመዛዘን ርካሽ ሆኖ አይገኝም። ይልቅስ በትምህርት ቤት ዕረፍት ውስጥ ቢሆንም ቀን ሁሉ አንድ አይደለም። ከቅዳሜ ይልቅ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፥ ከበዓሉ ዋዜማ ይልቅ በዓሉ ካለፈ በኋላ ያለው ሳምንት፥ በዋጋም በሕዝብ ብዛትም የተሻለ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የየቀኑን ዋጋ ድርጅቱ ራሱ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ከወላጅ የሚጠበቀው የዓመት ፈቃዱን ከመሙላቱ በፊት ማየት ብቻ ነው።

ዕድሜም እንዲሁ ዋጋ አለው። በእነዚህ የዲዝኒ ፓርኮች ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በነጻ ይገባል፤ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው በልጅ ዋጋ፥ ዐሥር ዓመት የሞላው በአዋቂ ዋጋ ይገባል። ዐሥር ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ሕፃኑ በነጻ ይገባል ብሎ ብቻ የሁለት ዓመት ልጅ ይዞ ውቅያኖስ ለመሻገር የሚያስብ ወላጅ ቢኖር፥ ሕፃኑ ሲያድግ አንዱንም እንደማያስታውሰው ይወቅ።

ቁመትንም መለካት ያስፈልጋል። በፍጥነት የሚወነጨፉት መጫወቻዎች ለደኅንነት ሲባል የቁመት ወሰን አላቸው፤ በዲዝኒላንድ ስፔስ ማውንቴን ለተባለው 102 ሳንቲ ሜትር፥ ማተርሆርን ለተባለው 107 ሳንቲ ሜትር፥ የኢንዲያና ጆንስ ለተባለው 117 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሲያልመው በከረመው መጫወቻ በር ላይ በአንዲት ሳንቲ ሜትር ጉድለት ሲመለስ ማየት ለወላጅ ያሳዝናል። በቤት በግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ምንም አያስከፍልም፤ ልጁም ካልደረሰ «የከርሞ ሰው ይበለን» ብሎ ጉዞውን ማዘግየት ይቻላል። ትንሹ ልጅ ያልደረሰበትን መጫወቻ ትልልቆቹ የሚፈልጉት ከሆነም፥ አንዱ ወላጅ ከሕፃኑ ጋር ሲቆይ ሌላው ተጫውቶ፥ ከዚያም ሳይሰለፉ ተራ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ስላለ ሠራተኞቹን መጠየቅ ይገባል።

የብዙ ቀን ቲኬት ሲገዛ የየቀኑ ዋጋ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጥመድ አለበት። ሁለት ቀን ይበቃው የነበረ ቤተሰብ «አራተኛው ቀን በርካሽ ነው» ብሎ ሁለት ቀን ሲጨምር፥ የሁለት ቀን መኝታና ምግብም ጨመረ ማለት ነው። የማያስፈልግ ነገር በርካሽ ቢገዛም ውድ ነው። እንደዚሁም ጥቂት ቀን ተሠርቶበት የተረፈ የብዙ ቀን ቲኬት ከማያውቁት ሰው መግዛት አይገባም፤ ቲኬቱ ለስሙ ባለቤት ብቻ የሚያገለግል ስለ ሆነ፥ ገዢው በበሩ ላይ ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ ገንዘቡም ቀኑም አለፈ።

የሚያፈሱ ቀዳዳዎች

ቲኬቱን የገዛ ሰው ዋናውን ወጪ የጨረሰ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ብዙውን ገንዘብ የሚያፈሱት ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ናቸው።

ፊተኛው የመኪና ማቆሚያ ነው። በዲዝኒላንድ በኦክቶበር 2023 ዓ.ም. የአንድ ቀን የመኪና ማቆሚያ ከ30 ወደ 35 ዶላር ከፍ ብሏል። በዚያ ዋጋ ሦስት ቀን ለሚመላለስ ሰው 105 ዶላር ይሆናል፤ ይህም በርካሹ ቀን የአንድ ሰው መግቢያ ያህል ነው። ሁለተኛው ሆቴል ነው። በማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ዋጋ አንድ ሆኖ፥ ሒሳብ ሲከፈል «የአገልግሎት» እየተባለ በየሌሊቱ የሚጨመር ክፍያ በአሜሪካ ብዙ ሰው ያማረረ ነገር ነበር። ከሜይ ወር 2025 ዓ.ም. ጀምሮ በጸና ደንብ ሆቴሎች ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ታዘዋል። ቢሆንም ደንቡ ዋጋው እንዲታይ እንጂ እንዲቀር አያዝም። የማያይ ሰው አሁንም ይከፍላል።

ሦስተኛው ምግብና ውሃ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር በአሜሪካ ያሉት የዲዝኒ ፓርኮች ከቤት የመጣ ምግብ ይዞ መግባትን አለመከልከላቸው ነው። የሚከለከለው የብርጭቆ ዕቃ፥ የሚያሰክር መጠጥና ትልቅ የማቀዝቀዣ ሣጥን ነው። ስለዚህ እናት በማለዳ ተነሥታ ያዘጋጀችው ዳቦ፥ የተጠቀለለ ሥጋና አትክልት፥ ፍራፍሬና ዳቦ ቆሎ የአራት ሰው ምሳ ይሆናል። የሚጠጣ ውሃ በኩባያ በነጻ የሚሰጡ የምግብ መሸጫዎችም አሉ። በፍሎሪዳ ፀሐይ አራት ሰው ቀኑን ሙሉ የታሸገ ውሃ እየገዛ ቢውል ምን ያህል እንደሚያወጣ ማንም ሊያሰላው ይችላል። በዚህ አፍሮ «ምግብ ቋጥሮ ገባ ይሉኛል» የሚል ሰው ቢኖር፥ አባቶቻችን ስንቅ ሳይቋጥሩ መንገድ እንዳልወጡ ያስታውስ።

አራተኛው ጊዜ ነው፤ ጊዜ እዚያ በገንዘብ ይሸጣልና። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሰልፍ የሚያሳጥር «ፋስትፓስ» የሚባል አገልግሎት በዲዝኒ ፓርኮች በነጻ ይሰጥ ነበር። በ2021 ዓ.ም. ግን በገንዘብ በሚሸጥ አገልግሎት ተተካ። ይህን መግዛት ግዴታ አይደለም። በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ የደረሰ ቤተሰብ በመጀመሪያው ሰዓት ያለ ብዙ ሰልፍ የሚጫወተውን፥ አርፍዶ የመጣ ሰው በገንዘቡ ይገዛዋል። በማለዳ መነሣትን ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ የሚያስቸግር ነገር አይመስለንም።

አምስተኛውና የመጨረሻው መታሰቢያ ዕቃ ነው። አንዳንዱ መጫወቻ መውጫው በሱቅ በኩል እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቷል። ልጅ ሲወጣ ዓይኑ በአሻንጉሊት ላይ ያርፋል፤ ለቅሶም ይከተላል። ለዚህ መድኃኒቱ ቁጣ ሳይሆን አስቀድሞ መስማማት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ፥ 20 ዶላር እንበል፥ ከጉዞው በፊት በእጁ ሰጥቶ «ይህ ያንተ ነው፤ የወደድኸውን ግዛበት፤ ሲያልቅ ግን አለቀ» ማለት ይቻላል። የአባቱን ገንዘብ ሲያስወጣ የማይቈጥር ልጅ የራሱን ሲያወጣ ይቈጥራል። ከሱቅ ሱቅ ዞሮ፥ ዋጋ አነጻጽሮ፥ አንዱን መርጦ ይወጣል። ይህም ከአሻንጉሊቱ የበለጠ ዕድሜ ያለው ትምህርት ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ ተሠርቶበትም ቢሆን፥ ከቤት ርቆ የሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ ገንዘብ ይፈልጋል። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ በፍሎሪዳ ወዳለችው ኦርላንዶ ለመድረስ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። ቲኬት፥ መኝታ፥ ምግብና ነዳጅ ተደምሮ ለምሳሌ 3,000 ዶላር ይሁን ብለን እናስብ። ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ዋናው ነገር ይህ ነው።

ቀላሉ መንገድ ክሬዲት ካርድ ነው፤ ዛሬ ይከፈላል፥ ነገ ይታሰባል። በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ወለድ በ2023ና በ2024 ዓ.ም. በአማካይ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ነበር። 3,000 ዶላር ከመቶ 20 በሆነ ወለድ የተበደረ ሰው በየወሩ 100 ዶላር ቢከፍል፥ ዕዳውን ለመጨረስ 42 ወር ይፈጅበታል። ይህም ሦስት ዓመት ተኩል ነው። ወለዱም ብቻውን 1,200 ዶላር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሰባት ዓመት ሆኖት የሄደ ልጅ ዕዳው ሲያልቅ ዐሥር ዓመት አልፎታል። አሻንጉሊቱ ተሰብሯል፤ ቆቡ ጠፍቷል፤ ዕዳው ግን በየወሩ ደብዳቤውን አላቋረጠም። በዚያ ሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ አንድ ሰው ቢታመም፥ ሥራ ቢቋረጥ፥ ወይም በአገር ቤት ያለች እናት መድኃኒት መግዣ ብትልክለት ብላ ብትጠይቅ፥ የእርሷን ድርሻ የበላው ያ የሦስት ቀን ዕረፍት ነው። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። በየወሩ 125 ዶላር የሚያስቀምጥ ቤተሰብ በሁለት ዓመት ውስጥ ያንኑ 3,000 ዶላር ያገኛል፤ ወለድም አይከፍልም። ልዩነቱ ከመሄድ በፊት መክፈልና ከሄዱ በኋላ መክፈል ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሊሞላ ጥቂት የቀረው የ1,200 ዶላር ወለድ ልዩነት አለበት። ከዚህም በላይ የመጠበቁ ጊዜ ራሱ ደስታ ነው። ልጆቹ በጠርሙስ ውስጥ ሳንቲም እየጨመሩ፥ በካርታ ላይ መንገዱን እየተከተሉ፥ ሁለት ዓመት ሲያወሩበት ይቆያሉ። ደስታውን በብድር የገዛ ሰው ይህን አላገኘም።

እዚህ ላይ የእኛው የሆነ አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ዕቁብ ነው። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ዕቁብን ይዘውት ሄደዋል። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 250 ዶላር ቢያዋጡ፥ ዕጣ የደረሰው 3,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ወለድ የለበትም። ለብቻው ሲሆን የሚያመልጥ ገንዘብ ሰው ሲጠብቀው አያመልጥም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚባለው ለዚሁ ነው። ቢሆንም ዕጣው መጀመሪያ የደረሰው ሰው ተቀማጭ ገንዘብ አገኘሁ ብሎ አይሳሳት፤ የቀሩትን ዐሥራ አንድ ወራት ለባልንጀሮቹ ባለ ዕዳ ነው። ወለድ የሌለው ዕዳም ዕዳ ነው፤ ካርዱ የሚያስቀጣው በገንዘብ ሲሆን ዕቁብ የሚያስቀጣው በስም ነው።

ስለ ዘመድ ቤትም አንድ ቃል እንናገር። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ በተባለው ጎዳና ላይ ያለው የኢትዮጵያውያን ሰፈር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው አስተዳደር ፈቃድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ይጠራል። ከዚያ እስከ ዲዝኒላንድ ያለው መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በዚያ አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው የሆቴል ወጪ ይቀርለታል፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን አራት ሰው ሆኖ አንድ ሳምንት ያደረ እንግዳ፥ አስቤዛ ሳይገዛ፥ ዕቃ ሳያነሣ፥ «ሆቴል አተረፍን» ብሎ ቢመለስ፥ ወጪውን ወደ ዘመዱ አዛወረ እንጂ አልቆጠበም። በሌላ ሰው ኪስ የሚደረግ ቁጠባ ስሙ ሌላ ነው።

ስሙ ያነሰ፥ ደስታው ያላነሰ

ደግሞ ዕረፍት ማለት እጅግ ዝነኛ ወደ ሆነው ስፍራ መሄድ ብቻ አይደለም። በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር፥ ኢሊስበርግ አጠገብ፥ ክኖብልስ የተባለ በ1926 ዓ.ም. የተከፈተ የመዝናኛ ፓርክ አለ። የበሩ መግቢያ ነጻ ነው፤ የመኪና ማቆሚያውም ነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለሚጫወቱበት መጫወቻ ብቻ ነው። በዚያ አያት ጥላ ሥር ተቀምጣ የልጅ ልጆቿን ብትመለከት ስለ ተቀመጠች አትከፍልም፤ የድሮው የቲኬት ሥርዓት ጥቅም በዚያ ይታያል። በኢንዲያና ክፍለ ሀገር በ1946 ዓ.ም. የተከፈተው ሆሊደይ ወርልድ ደግሞ የመግቢያ ዋጋ ቢያስከፍልም፥ የመኪና ማቆሚያ፥ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮም ለስላሳ መጠጥ፥ እንዲሁም ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት ሳይቀር በዚያው ዋጋ ውስጥ ያጠቃልላል። እዚያ የሄደ አባት ከበሩ ወዲያ እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድበት ጊዜ ጥቂት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ላይ ሆኖ ሲስቅ የፓርኩን ስም አይጠይቅም። ስሙን የሚፈልገው ፎቶግራፉን ለሌላ የሚያሳየው ትልቁ ሰው ነው።

ይህን ስንል ወደ ዝነኛው ፓርክ መሄድ ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። አስቦ፥ አጠራቅሞ፥ ቀኑን መርጦ የሄደ ቤተሰብ ደስ ብሎት ይመለስ፤ ደስታው ይገባዋል። የምንነቅፈው ልጁን ለማስደሰት ሳይሆን ከጎረቤት ላለማነስ የሚደረገውን ጉዞ ነው። ለልጅ «ዘንድሮ አቅማችን አልፈቀደም፤ እያጠራቀምን ነው፤ አንተም እርዳን» ብሎ እውነቱን መንገር አያሳፍርም። ልጅ ከምናስበው በላይ ይረዳል። የማይረዳው ነገር ቢኖር ከዕረፍት በኋላ በቤቱ ውስጥ የሚሰማውን የእናትና የአባት የገንዘብ ጭቅጭቅ ነው።

ቁጠባ ንፍገት አይደለም። ንፉግ ያለውን ይዞ ለቤተሰቡ ይከለክላል፤ ቆጣቢ ግን ለሚወደው ነገር የሚበቃውን ለማግኘት ከማይጠቅመው ነገር ላይ ያነሣል። ሥራ የጀመረ ወጣት የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል፥ ተማሪም ከቤት የተላከለትን ሲቈጥር፥ ይህን ልዩነት ከዛሬ ጀምሮ ቢለምደው፥ ነገ ባለትዳርና ባለልጅ ሲሆን አዲስ ነገር አይሆንበትም። ሐዋሳም ይሂድ፥ ላንጋኖም ይሂድ፥ ወይም ዕድል አጋጥሞት ካሊፎርኒያ ይድረስ፥ ሕጉ አንድ ነው። ቀኑን ምረጥ፤ ስንቅህን ቋጥር፤ ለልጅህ የራሱን ድርሻ ስጠው፤ ያልያዝኸውን ገንዘብ አታውጣ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንዲሉ፥ ገንዘብም እንደ አያያዙ ነው።

በበሩ ላይ የቆመው ቲኬት ቆራጭ ሥራው መቀበል ነው፤ ሒሳቡን አይሠራልንም። እኛ ግን ሒሳባችንን በቤታችን ጨርሰን ከመጣን፥ በሩን ካለፍን በኋላ የሚቀርልን ሥራ ከልጆቻችን ጋር መሣቅ ብቻ ይሆናል።